ሦስት ሽማግሌዎች የቆለፏት ስልክ

መንዝ ውስጥ፣ ዘመሮ ከተማ ላይ፣ ከወፍጮ ቤቱ አጠገብ፣ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ደጅ የሚቆምባት የስልክ ጥገና ቤት ነበረችኝ። ባለ ቁልፍ ስልኮች እየቀሩ በጣት የሚነኩት ወደ ደጋው መውጣት የጀመሩበት ጊዜ ነው። ሰው ሁሉ ስልክ ሲገዛ በሬ የገዛ ይመስለዋል፤ ሲፈልግ ሊጠምደው፣ ሲፈልግ ሊያርደው። የእኔ ሥራ ከጠረጴዛዬ ጀርባ ተቀምጬ ይህን እምነት ማፍረስ ነበር። አንዱ ይመጣና «ይቺን ጨዋታ አጥፋልኝ፣ ልጆቹ ሥራ ፈቱ» ይለኛል። አትጠፋም፣ የስልኩ ሠሪዎች ከልክለዋል እለዋለሁ። «ገዝቼዋለሁ እኮ!» አዎ ገዝተሃል። «የእኔ ነው እኮ!» ያንተ ነው። «ታዲያ?» ታዲያማ አትጠፋም። በቀን ሦስት አራት ጊዜ እንዲህ እየተጨቃጨቅሁ ቆሽቴ አርሮ ነበር። የማላውቃቸውን የስልክ ሠሪዎች ሳልሰድብ የዋልኩበት ቀን ትዝ አይለኝም።

እነዚያን ሠሪዎች ከልቡ የተረዳቸውና ከእኔ ጋር እየተከራከረ ጠበቃ የቆመላቸው ሰው ግን በሕይወቱ አንድም ቀን የገዛ ስልኩን ከፍቶ የማያውቅ ነበር። አጎቴ ናቸው።

አጎቴ የእናቴ ታናሽ ወንድም ሲሆኑ የጓሳ ሣር ጠባቂ ሽማግሌዎች የበላይ ሆነው ተመርጠው ነበር። ጓሳ የምንለው የደጋ ሣር መሬት የሁላችንም ነው፤ የሁላችንም ስለሆነ ደግሞ ማንም ዝም ብሎ አያጭድበትም። ለዓመታት ይከለከላል። ሣሩ ሲደርስ ሽማግሌዎቹ ቀን ይቆርጣሉ፤ በዚያ ቀን ባለ ድርሻው ሁሉ ማጭዱን ይዞ ይወጣል። ቀድሞ ያጨደ ማጭዱን ይቀማል፣ ሣሩም ይወረሳል። አጎቴ በተመረጡበት ዓመት መጀመሪያ የቀሙት ማጭድ የእናቴን ነው። ክረምቱ ደጅ ደርሶ፣ የቤታችን የሣር ክዳን ሳስቶ፣ እናቴ አንድ ሸክም አጭዳ ስትመለስ መንገድ ላይ ጠብቀው ተቀበሏት። «እህትነት ሌላ፣ ጓሳ ሌላ» አሏት። ያን ክረምት ሙሉ ቤታችን ሲያፈስ ከረመ። እናቴም ከዚያ ወዲህ ወንድሟን ባገኘችበት ሁሉ፣ ሠርግም ይሁን ለቅሶ፣ ከሰላምታ አስቀድማ «ሣሬን መልስ» ትላቸው ነበር።

ከዓመታት በኋላ አጎቴ ፎቶ የሚያነሳ ስልክ እንዳመጣላቸው ጠየቁኝ። ተከልክሎ ሳለ የሚያጭደው ሰው «እኔ አይደለሁም» እያለ አስቸግሯቸዋል፤ ፎቶ ግን አይካድም። ከአዲስ አበባ አመጣሁላቸው። ግቢያቸው ቁጭ ብለን አጠቃቀሙን ሳሳያቸው እናቴም ነበረች። ድምፅ የሚቀዳበትን ስከፍት ስልኩን ከእጄ ነጠቀችኝ፤ እንደ ውኃ መጠጫ ወደ አፏ አስጠግታ ተናገረች። «አንተ ሰው! ስልክም ገዛህ አሉ! ሣሬን ሸጠህ ነው? ማጭዴንስ የት አደረስከው? የአባታችን ማጭድ ነው እኮ፣ አታፍርም?» ሦስት ደቂቃ ሙሉ ወረደችባቸው። አጎቴ ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። መጨረሻ ላይ ትንፋሿን ሰብስባ «ለማንኛውም ዕድሜ ይስጥህ» ብላ ስልኩን መለሰችልኝ።

ቀጥሎ አጎቴ አንድ ጥያቄ ጠየቁኝ። «ያነሳሁትን ፎቶ እኔ ራሴ ላጠፋው እችላለሁ?»

«ይችላሉ ጋሼ፤ የእርስዎ ስልክ ነው።»

«ይሄማ አይሆንም» አሉ። «ነገ የአክስቱን ልጅ ፎቶ አጠፋ ብለው ያሙኛል። እኔም ራሴ የማልከፍታት አድርግልኝ።»

ሰው ሁሉ ክፈትልኝ እያለ በሚመጣበት አገር ዝጋብኝ ያለኝ የመጀመሪያው ሰው ነበሩ። ስልኳ ስድስት ቁጥር ያለው ቁልፍ ትቀበላለች፤ ተቆልፋም ፎቶ ታነሣለች፣ ያነሣችውን የምታሳየው ግን ስትከፈት ብቻ ነው። ሦስት ሽማግሌዎች ተመረጡ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቁጥሮች የደብሩ ቄስ ያዙ፤ የመካከለኞቹን ሁለት የቀድሞው የቀበሌ ጸሐፊ፤ የመጨረሻዎቹን ሁለት ደግሞ አንድ ቃል ቆጣቢ ገበሬ፣ በጎችዎ ስንት ናቸው ሲባሉ «አሉ» ብለው የሚያልፉ ሰው። አንዱ የሌላውን አያውቅም። አጎቴ፣ የስልኳ ባለቤት፣ አንዱንም አያውቁም። እኔ ደግሞ እውቀቴን ላሳይ ብዬ አንድ ነገር ጨመርኩ፦ ዐሥር ጊዜ የተሳሳተ ቁጥር ከገባ ስልኳ ያላትን ሁሉ ታጠፋለች። አጎቴ ይህን ሲሰሙ ፊታቸው በራ። «ሠሪው ሌባ የሚያውቅ ሰው ነው» አሉ።

ስልኳ የምትከፈተው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ውስጥ ካለው ጽድ ሥር ነበር። ቄሱ ጣታቸውን በነጠላቸው ጠርገው «ዞር በሉ» ይላሉ፤ ሁላችንም ጀርባችንን እንሰጣለን። ሁለቱን ነክተው ለጸሐፊው ያቀብላሉ፤ ጸሐፊው ለገበሬው። ገበሬው ጣታቸው ከማጭድ በቀር ምንም ነክታ ስለማታውቅ ሲዘገዩ መብራቱ ይጠፋና እንደገና ከቄሱ ይጀመራል። አንዳንድ እሑድ አራት ጊዜ ዞረናል። መንገደኛ ቢያየን ስልክ መሐል አስቀምጠን ጀርባችንን የሰጠን፣ ከእሷ ጋር የተኳረፍን ሰዎች እንመስለው ነበር። ከተከፈተች በኋላ የሳምንቱ ፎቶ ይታያል፣ ይፈረዳል፣ ትዘጋለች። በቀሩት ቀናት አጎቴ የተዘጋ ስልክ ኪሳቸው ይዘው ይዞራሉ፤ መደወል ሲፈልጉ የእኔን ይዋሳሉ።

እናቴ በሁለተኛው ዓመት ታማ ሞተች። በአርባዋ ሽማግሌዎቹ ተስማምተው ስልኳን ከፈቱና ድምጿን አሰሙን። ያን ያህል ሕዝብ በአንድ ጊዜ ሲያለቅስና ሲስቅ አይቼ አላውቅም። አጎቴ ስልኳን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ «አታፍርም?» ስትላቸው አንገታቸውን ደፍተው «አፍራለሁ» ብለው መለሱላት። የእናቴ ድምፅ ያለው በዓለም ላይ እዚያች ስልክ ውስጥ ብቻ ነበር። እኔ በየቀኑ የሰው ዘፈን ከስልክ ወደ ስልክ ስገለብጥ የምውል ሰው፣ በሕይወት ሳለች የእናቴን ድምፅ መገልበጥ ትዝ አላለኝም።

ወዲያው ልገልብጠው ብዬ ለመንኩ። ሽማግሌዎቹ ተሰበሰቡ። ድምጿ ከወጣ ፎቶውም አብሮ ሊወጣ ይችላል የሚል ክርክር ተነሣ። ጸሐፊው ቃለ ጉባኤ ያዙ። በመጨረሻ ጉዳዩ ከባድ ስለሆነ ከፋሲካ በኋላ ይታይ ተባለ። ሁዳዴ እኩሌታው ላይ ቃል ቆጣቢው ገበሬ ሞቱ።

ቀብሩ ላይ አፈር እየተመለሰ ሳለ ጸሐፊው ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ሁለቱን ቁጥር ለማን ነገረ?» አሉኝ። ቄሱን አየኋቸው፤ ቄሱ አጎቴን፤ አጎቴ መቃብሩን። ከዚያ በኋላ ያለቀስነው ለቅሶ ለሟቹ ብቻ ነበር ብል እዋሻለሁ።

ከፋሲካ በኋላ ጽዱ ሥር ችሎት ተቀመጥን። ቄሱ የሟቹ የንስሐ አባትም ስለነበሩ ሁሉም ወደ እሳቸው ዞረ። «ቁጥር አልተናዘዘልኝም» አሉ። ቀጠሉና «ቢናዘዝልኝም አልነግራችሁም» አሉ። ይህቺ ሁለተኛዋ ዓረፍተ ነገር ዓመታት ስታብሰለስለኝ ኖራለች። የሟቹ ባለቤት ተጠሩ። «አርባ ዓመት አብሬው ስኖር ለእኔ ምንም ሳይነግረኝ ለስልክ ነገረ?» ብለው እንደ አዲስ አለቀሱ።

እኛ አገር ሁለት አሃዝ ምረጥ የተባለ ሰው የሚያስበው የወሩን ቀን ነው፤ እያንዳንዱ ቀን ደግሞ ባለቤት አለው። ስለዚህ ሟቹ ለየትኛው ቅዱስ ይበልጥ ያደሩ ነበሩ የሚለው ተመረመረ። የሚካኤል ማኅበርተኛ ናቸውና ዐሥራ ሁለት ገባ። ስልኳ ተንቀጠቀጠች፤ ዘጠኝ ሙከራ ቀርቷል አለች። ሕዝቡ አጉረመረመ። በሚቀጥለው እሑድ ማርያም፣ ሃያ አንድ። በሦስተኛው መድኃኔ ዓለም፣ ሃያ ሰባት። አንድ ሽማግሌ ተነሥተው ሟቹ ከፈረስ ወድቀው የተረፉት በጊዮርጊስ ቀን ነው ብለው በእግዚአብሔር ስም መሰከሩ፤ ሃያ ሦስትም አልሆነም። አቦም አልሆኑም። አምስት በዓላት አስገብተን አምስት ሙከራ ሲቀረን ቄሱ ነገሩ ወደ ድፍረት እያደላ ነው ብለው አስቆሙን።

ያኔ ነው ከአጎቴ ጋር አዲስ አበባ የሄድነው፣ የስልኳ ሠሪዎች ወኪል ወዳለበት። አጎቴ ሰባት ሽማግሌ አሻራውን ያሳረፈበት፣ ስልኳ የእሳቸው ስለመሆኗ የሚመሰክር ወረቀት ይዘዋል። ክራቫት ያሰረ ወጣት ተቀበለን። ወረቀቱን እስከ መጨረሻው አንብቦ አክብሮ መለሰው።

«አባቴ፣ ስልኩ የእርስዎ መሆኑን አምነናል። መክፈት ግን አይቻልም።»

«ለምን አይቻልም?» አልኩ እኔ።

«ለደንበኛው ደኅንነት ነው።»

«ደንበኛው እኮ እሳቸው ናቸው! ከማን ነው የምትጠብቋቸው?»

«ያለ ቁጥሩ ሊከፍት ከሚፈልግ ሰው።»

«ያለ ቁጥሩ ሊከፍቱ የፈለጉት እሳቸው ናቸው!»

«እሱን ነው የምልዎት» አለኝ ወጣቱ፣ በጣም ረጋ ብሎ።

አጎቴ እጃቸውን አንሥተው ዝም አሰኙኝ። «ልጄ፣ የሠራት ሰውስ? እሱ ይከፍታታል?»

«እሱም አይከፍትም አባቴ። ለአንድ ሰው የሚከፍት መንገድ ካበጀ ያንኑ መንገድ ሌባም ያገኘዋል። ስለዚህ ለራሱም አላበጀም።»

አጎቴ ወጣቱን እንደ ታቦት አዩት። «የሠራው ራሱ አይከፍታትም!» አሉ ወደ እኔ ዞረው። «ሰማህ? እኛ ጓሳ ላይ እንዲህ ያለ ሰው ስንፈልግ ስንት ዘመናችን!» ልጁን የማን ልጅ እንደሆነ፣ ሣር ጥበቃ ይመጣ እንደሆነ ጠየቁት። እኔ በግኛለሁ። በሆዴ የነበረውን ሁሉ አፈሰስኩ፦ ቁልፉስ ለሌባ ነው እንበል፤ ጨዋታዋ የማትጠፋው ለየትኛው ሌባ ነው? ባትሪው በሙጫ የተጣበቀው ሌባ ባትሪ እንዳይቀይር ነው? ለእኛ ብላችሁ ሳይሆን ተመልሰን እንድንገዛችሁ ነው! ወጣቱ ክራቫቱን አስተካከለ። ስንወጣ ስልኬ ላይ አገልግሎታችንን ከአንድ እስከ አምስት ደረጃ ይስጡ የሚል መልእክት ገባ። አጎቴ አስነብበውኝ «አምስት ስጣቸው» አሉ። እምቢ ስል ተቆጡ፤ ሰጠሁ።

አውቶቡሱ ደብረ ብርሃንን አልፎ ወደ መንዝ ሲታጠፍ አጎቴ «ስለ ሙጫው ያልከው እውነት ነው» አሉኝ። «እኛም ስንከለክል ሁልጊዜ ለሣሩ ብለን አይደለም። ያን ዓመት የእናትህን ማጭድ ስቀማ ሣሩ አንድ ሸክም ቢጎድልበት አይጎዳም ነበር። አዲስ ተመራጭ ነኝ፤ ለእህቱ እንኳ አይመለስም እንዲሉኝ ፈለግሁ። አሉኝም። ቤታችሁ ግን አፈሰሰ።» ከዚያ በፊት አንድም ሽማግሌ ጥፋቱን ለእኔ ነግሮኝ አያውቅም። «ድምጿን መስማት የምፈልገው ለዚያ ነው» አሉ፤ «ስትሰድበኝ ይቀለኛል።»

ከተመለስን በኋላ ቅዱሳኑ ቀርተው ወደ በግ ተገባ። የሟቹ ባለቤት በጎቻቸው ዐሥራ ሰባት ነበሩ አሉ። ገባ፤ አልሆነም። ልጃቸው ዐሥራ ስምንት ናቸው አለ፤ ባለቤቲቱ አንዷ ለማርያም የተሳለች ስለሆነች የእሱ አይደለችም ብለው ተከራከሩ። ለማንኛውም ዐሥራ ስምንትም ገባ፤ አልሆነም። ዕድሜያቸው ሊሞከር ሲል ሰውየው ሁለት ዕድሜ እንደነበራቸው ታወቀ፤ ለመዋጮ ጊዜ ሰባ ሁለት፣ ለሌላው ጊዜ ስድሳ አምስት። ሰባ ሁለት ተመረጠ፤ አልሆነም። ጸሐፊው መሬት የተመሩበት ዓመት ነው፣ ገበሬ ከዚያ የሚበልጥ ዓመት አያውቅም ብለው ስድሳ ሰባትን አስገቡ። እሱም አልሆነም። አንድ ሙከራ ብቻ ቀርቷል የሚለው ጽሑፍ በቀይ በራ። በዚህ ጊዜ ቄሱና ጸሐፊው የየራሳቸውን ቁጥር መደበቅ ትተው ጮክ ብለው ይጠሩት ነበርና የጎደለው የሟቹ ብቻ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን።

አጎቴ ስልኳን ተቀብለው ጋቢያቸው ውስጥ ከተቱ። «አንዷ ትቆይ» አሉ። «ከዚህች በኋላ የሚቀር የለም። ይህች እስካለች ድረስ እህቴ እዚያ ውስጥ አለች።»

ስልኳን ኃይል እንድሞላት በየሳምንቱ ወደ እኔ ያመጧት ነበር። አንድ የገበያ ቀን፣ ቀትር ላይ፣ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጣለች፤ ቤቱ ባዶ ነው። ስለ ሟቹ ሳስብ ቆይቼ ነበር። በሕይወታቸው ምንም ያልተናገሩ ሰው ናቸው። ምንም የማይናገር ሰው ቁጥር ምረጥ ሲባል ምን ይመርጣል? ምንም። ዜሮ፣ ዜሮ። ነገሩ እንደ ፀሐይ በራልኝ። እንዴት ሳንጠረጥር ቀረን ብዬ ሳቅሁ። አጎቴን ጠርቼ፣ ሽማግሌ ሰብስቤ፣ ቃለ ጉባኤ አስይዤ መሞከር ነበረብኝ። ግን እናቴ ናት፣ እኔ የቁልፍ ሰው ነኝ፣ እርግጠኛም ነኝ። የቄሱን ሁለት፣ የጸሐፊውን ሁለት፣ ከዚያ ዜሮ ዜሮ ነካሁ።

ስልኳ ጠቆረች። የሠሪዋ ምልክት በራ። ትንሽ ቆይታ እንደ አዲስ ስልክ «እንኳን ደኅና መጡ» አለችኝ፤ ቋንቋም እንድመርጥ ጠየቀችኝ።

ጠረጴዛዬ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። አንድ ሰው ቻርጀር ሊገዛ ገባ፤ ዓይኔን ጠርጌ ቻርጀር ሸጥኩለት፣ መልሱን ሰጠሁት፣ ሲወጣ ቀጠልኩ። በዚያች ሰዓት በዚያች ስልክ ላይ ከእኔ በቀር የሚያዝባት አልነበረም፤ ቄስ የለ፣ ጸሐፊ የለ፣ ሟች የለ። ያቺን ጨዋታ ማጥፋት ግን አሁንም አይቻልም።

ከዚያ ያደረግሁትን ሠሪዎቹም አላደረጉትም። እኔ ብቻ የማውቀውን ስድስት ቁጥር መርጬ ቆለፍኳት። ፊቷ ላይ የነበረው የአጎቴ ግራጫ ፈረስ ፎቶ ጠፍቶ ስለነበር፣ በማግስቱ ሰበብ ፈጥሬ ሄጄ ፈረሱን በዚያው ጎኑ አነሣሁትና ፎቶውን ፊቷ ላይ መለስኩት። አጎቴ ሲቀበሉኝ «አለች?» አሉኝ። «አለች ጋሼ» አልኩ።

ሁለት ዓመት እንዲህ ኖርን። በየሳምንቱ «አለች?» ይሉኛል፤ «አለች» እላለሁ። በዓል ሲሆን ጆሯቸው ላይ አድርገው ሲስቁ አይቻቸዋለሁ፤ በቃል የያዙትን ስድብ እየሰሙ። ልነግራቸው ስንት ጊዜ አፌን ከፍቼ ስንት ጊዜ ዘጋሁት። ለእሳቸው ብዬ ነው እል ነበር። ሱቄ ውስጥም ሰው ስለ ስልክ ሠሪዎች ሲያማርርብኝ እንደ ድሮው አብሬ መሳደብ አልሆንልህ አለኝ።

አጎቴ የታመሙበት ወር ላይ ልከው አስጠሩኝ። አልጋቸው አጠገብ ቄሱና ጸሐፊው ተቀምጠዋል፤ ኑዛዜ እየተጻፈ ነው። በሬው ለእገሌ፣ ፈረሱ ለእገሌ ተብሎ አልቋል። ስልኳን ከትራሳቸው ሥር በንጹሕ ጨርቅ እንደተጠቀለለች አውጥተው እጄ ላይ አኖሯት።

«ለእኔ ከእንግዲህ አታስፈልገኝም» አሉ። «ስድቧን ከራሷ ልሰማ ነው። አንተ ግን ገና ነህ። አንዷ ሙከራ ያንተ ናት፤ ምስክርም አለ።» ጸሐፊው ቀና ሳይሉ ጻፉ። አጎቴ እጄን ጠበቅ አድርገው ያዙኝ።

«እንዳትቸኩል» አሉኝ።

«እሺ ጋሼ» አልኩ። «አልቸኩልም።»